ለአንድ መብራት አስራ ስድስት ወንበር

አስራ ሁለቱም መብራቶች አንድ ላይ ዞሩ። ያዞርኳቸው እኔ ነኝ፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በሙሉ ቆመው እያዩ፣ ከመሰላሉ ውረጂ ተብዬ አልወርድም ካልኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።

በቃ፣ ዋናውን ነገርኳችሁ። ጓደኛዬ ሳሮን ሁሌ “አንቺ ወሬ ስትጀምሪ ከጭራው ነው” ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ግን ከትናንት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ እንዴት ብዬ በሰልፍ አወጣዋለሁ። እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ነገር መወሰን አለብኝ፣ እና ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ዓይነት ነው።

ቦንቱ እባላለሁ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ዲላ። ቤተክርስቲያናችን ዘንድሮ አዲሱን አዳራሽ ጨረሰ፣ ማለቴ ጣሪያውንና መድረኩን፣ ወለሉ ገና ሲሚንቶ ነው። ነገ አርብ የወጣቶች ኮንፈረንስ ይከፈታል። ከጨለለቅቱ፣ ከኮንጋ፣ ከወርቃ፣ ከየቦታው መዘምራን በአይሱዙ ላይ ቆመው እየዘመሩ ይመጣሉ፣ እዚህ ሲደርሱ ግማሾቹ ድምፃቸው አልቋል። ለዚህ ቀን ተብሎ ከአራት ወር በፊት ከአዲስ አበባ መብራት ተገዛ። አምፖል እንዳይመስላችሁ። አንገት አላቸው፣ ይዞራሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ቀለም ይቀይራሉ። አስራ ሁለት ናቸው፣ ከመድረኩ በላይ ባለው ረጅም ብረት ላይ ተሰቅለዋል። ከነሱ ጋር ደግሞ ኮንሶላቸው መጣች፣ ሁሉንም የምታዝ ማለት ናት፣ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ሰፊ፣ መሀሏ ላይ ስክሪን ያላት፣ ቁልፍ በቁልፍ። ከካርቶን ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት፣ እና በጌታ፣ ከበሩ መነቀል አቃተኝ። ሰው ለወንድ ልጅ እንደዛ ሲሆን አይቻለሁ። እኔ ለኮንሶል ሆንኩ።

ችግሩ ኮንሶሏ ከአዳራሹ ኋላ ከፍ ብሎ ባለው ሰገነት ላይ ናት፣ ሰገነቱ ላይ ደግሞ ሴት አትወጣም። የትም አልተጻፈም። ዝም ብሎ አትወጣም። ደረጃው ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ “ቀሚስ ለብሳችሁ እንዴት ትወጣላችሁ” ይላሉ፣ ሱሪ ስንለብስ ደግሞ “ሱሪ ለብሳችሁ እንዴት ትመጣላችሁ” ይላሉ። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ አንወጣም።

ሰገነቱ የሽብሩ ነው። ወንድም ሽብሩ የድምፅ ባለሙያችን ነው፣ አስር ዓመት ሙሉ ማይክ ያስተካከለልን እሱ ነው፣ መቼም ለድምፅ ጆሮው አንደኛ ነው፣ አልዋሽም። ሦስት ጊዜ ሄጄ የቴክኒክ ቡድን ውስጥ አስገባኝ ብዬዋለሁ። በሦስተኛው፣

“ቦንቱ፣ ዘምሪ” አለኝ።

“ድምፄን ሰምተኸዋል?”

“ሰምቻለሁ” አለና ትንሽ አሰበ። “እሺ፣ አስተናጋጅ ሁኚ።”

አስተናጋጅ ሆንኩ። ሰው ማስቀመጥ፣ ወንበር መደርደር፣ አዳራሽ መጥረግ። ቁልፍም ይሰጡናል። ቁልፉን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ሰብራ ገባች እንዳትሉኝ።

ግቢያችን ውስጥ አሚን የሚባል ተከራይ አለ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። እዚህ ከመምጣቱ በፊት ለሰርግ መብራት ከሚያከራዩ ሰዎች ጋር ይሰራ ነበር። ስለ መብራቱ ስለፈልፍበት ጊዜ “ነይ እስቲ” አለና ስልኬ ላይ ነፃ አፕ ጫነልኝ፣ የውሸት መድረክ አለው፣ የውሸት ኮንሶል አለው። አራት ወር ሙሉ ፌስቡክ አልከፈትኩም፣ እንደዛ አስቡት። እማዬ ሌሊት ከወንድ ጋር የምጻጻፍ መስሏት ስልኬን ነጠቀችኝ፣ ስትከፍተው መብራት ሲዞር አየች፣ መለሰችልኝ። ይልቅ ከወንድ ጋር ብጻጻፍ ይሻላት ነበር መሰለኝ፣ ቢያንስ ይገባታል።

አሚን አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር፤ “ዋናው ፓች ነው። ፓች ካላደረግሽ ኮንሶሉ የቱ መብራት የት እንዳለ አያውቅም። እያንዳንዱ መብራት አድራሻ አለው፣ እያንዳንዱ ደግሞ ብዙ ቻናል ይበላል።” ቃሉን ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ወንበር ስደረድር ነው።

መዘምራን ሲመጡ በቁጥር ነው የምናስቀምጣቸው። ፕላስቲክ ወንበሮቹ ጀርባ ላይ ቁጥር እንለጥፋለን። ወርቃዎች አስራ ስድስት ሰው ናቸው እንበል፣ ከአንድ ቁጥር ጀምረው ይቀመጣሉ። ኮንጋዎች ከስንት ይጀምራሉ? ከአስራ ሰባት። ከሁለት ቁጥር ይጀምሩ ካላችሁ ኮንጋዎች ወርቃዎች ጭን ላይ ነው የሚቀመጡት። በቃ ፓች ይሄ ነው። አንዱ መብራት ለብቻው አስራ ስድስት ወንበር፣ ማለት አስራ ስድስት ቻናል ይፈልጋል፣ አንዱ ለመዞሪያ፣ አንዱ ለመጎንበሻ፣ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ለድምቀቱ፣ እንደዛ እያለ አስራ ስድስት። ሁለተኛው መብራት ከአስራ ሰባት ይጀምራል፣ ሦስተኛው ከሠላሳ ሦስት።

ወንድም ሽብሩ ምን አደረገ? ለማይክ እንደሚያደርገው አደረገ። ማይክ አንድ፣ መስመር አንድ። ማይክ ሁለት፣ መስመር ሁለት። አስር ዓመት እንደዛ ነው የሰራው። ስለዚህ መብራቶቹንም ከአንድ እስከ አስራ ሁለት ቁጥር ሰጣቸው፣ ነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር ጽፎ፣ በጣም በሚያምር ጽሑፍ። አስራ ሁለቱንም ጭን ለጭን አስቀመጣቸው ማለት ነው።

ብረቱ ላይ ተሰቅለው አልቀው እሁድ ሲሞከሩ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ሽብሩ የአምስተኛውን ቁልፍ ገፋ። አምስተኛው አንገቱን አዞረ፣ አራተኛው ወደ መሬት አየ፣ ሦስተኛው ቀይ ሆነ፣ አንደኛው ብልጭ ድርግም ይላል። ስድስተኛውን ገፋ፣ ባሰ። ጸሎት ቡድን ውስጥ ያሉ እናቶች ግማሾቹ ተነሱ። አንዷ ከፊቴ ያሉት፣

“ይሄ ነገር ይጸለይበት” አሉኝ፣ ዘወር ብለው።

“ይጸለይበት እማማ፣ ግን አድራሻቸውም ይስተካከል” አልኳቸው።

“የማን አድራሻ?”

“የመብራቶቹ።”

አዩኝና ወደ ፊታቸው ዞሩ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሽብሩ ሄጄ ስለ ወንበሮቹ ነገርኩት። ሰማኝ ማለት አይቻልም፣ ኬብል እየጠቀለለ ነበር። “መብራቶቹ አሮጌ ናቸው፣ አታለሉን” አለ። “የመብራት ነገር ኤሌክትሪክ ነው ቦንቱ፣ የወንበር ጨዋታ አይደለም። ይይዝሻል።” ለሽማግሌዎቹም ተበላሽተዋል፣ ይመለሱ አላቸው። እነሱም ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ መጥተው አይተው፣ ከብረቱ አውርደው ወደ ካርቶናቸው ሊመልሷቸው ተስማሙ። ኮንፈረንሱም በተለመደው ሁለት ፓውዛ ይሆናል ተባለ።

እንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት አስተናጋጆች ወንበር የምንደረድርበት ቀን ነው። ሳሮንና እኔ ነበርን። ሳሮን ዘማሪም ናት፣ ነገ ብቻዋን የምትዘምረው አንድ መዝሙር አላት፣ ለዛ መዝሙር ስልኬ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ መብራት ሰርቼላታለሁ፣ ስትጀምር ጨለማ፣ ከዛ አንዷ ብቻ ከኋላዋ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ከዛ ሌሎቹ። ያ ሁሉ ወደ ካርቶን ሊገባ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መጥረጊያውን አስቀመጥኩ።

“ምን ልታደርጊ ነው” አለች ሳሮን።

“ልወጣ ነው።”

“የት?”

ቀሚሴን አወለቅኩ። ኧረ ተረጋጉ፣ ከስሩ የስፖርት ሱሪዬን ለብሻለሁ፣ ከጠዋቱ አስቤበት ነበር ማለት ነው፣ ለራሴ ግን አልነገርኩትም ነበር።

ሰገነቱን በብረቱ ደረጃ ወጣሁ። ኮንሶሏን አበራኋት። ሁለቴ የተሳሳተ ቁልፍ ነካሁ። ከዛ ግን ስክሪኑ ላይ ፓች የሚለው ገጽ ሲከፈት ሁሉም የማውቀው ነገር ሆነ፣ ስልኬ ላይ ካለው ትንሽ ብቻ ነው የሚለየው። የሽብሩን ሰረዝኩ። ባለ አስራ ስድስት ቻናል መብራት፣ ብዛት አስራ ሁለት፣ ከአንድ ጀምሪ አልኳት። እሷ ራሷ ደረደረችልኝ፤ አንድ፣ አስራ ሰባት፣ ሠላሳ ሦስት፣ አርባ ዘጠኝ፣ እስከ መቶ ሰባ ሰባት። በእስክርቢቶ ክንዴ ላይ ገለበጥኩት፣ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ።

ግን ያ ግማሹ ነው። ኮንሶሏ ብታውቅ መብራቶቹ ራሳቸው ካላወቁ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፣ እዛ ላይ አድራሻው መቀየር አለበት፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ እላይ። ቀለም የቀቡት ሰዎች የተውት ትልቁ መሰላል ነበር። ሳሮን ያዘችልኝ። መሰላሉን አስራ ሁለት ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው፣ አስራ ሁለት ጊዜ መውጣት ነው። ከፍታ እንደምፈራ ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። እፈራለሁ። ሳሮን ከስር “ወደ ታች አትዪ፣ ወደ ታች አትዪ” ስትል ጊዜ ወደ ታች አያለሁ።

ዘጠነኛው ላይ ሳለሁ በሩ ተከፈተ።

አምስት ሽማግሌዎች፣ ከፊት ጋሽ ይርጋ፣ ከኋላ ሽብሩ ካርቶን ይዞ። ጋሽ ይርጋ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው፣ የኮንጋ ሰው፣ በጣም የሚከበሩ፣ ሲናደዱ ደግሞ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

“ይሄ ማነው?”

ሳሮን መሰላሉን ይዛ አይኗን ጨፍናለች።

“ቦንቱ ነኝ ጋሼ።”

“ውረድ።”

“ጋሼ፣ አራት ቀርተውኛል።”

“አንተ ልጅ፣ ውረድ ብያለሁ።”

እና እኔ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኖ ነው የተሰማው፣ “አልወርድም” አልኩ። “አራት ቁጥር ብቻ ነው የቀረኝ። አሁን ብወርድ ስምንቱ ልክ ይሆናሉ፣ አራቱ ይበጠብጣሉ፣ ከዛ ተበላሽተዋል ትሉና ትመልሷቸዋላችሁ። ከፈለጋችሁ መሰላሉን ውሰዱት፣ እኔ ብረቱን ይዤ እቀራለሁ።”

ሽብሩ፣ “ኤሌክትሪክ ይይዛታል፣ ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም” አለ።

“አንተማ የለህበትም” አለች ሳሮን፣ አይኗን እንደጨፈነች። እወዳታለሁ።

መሰላሉን ማንም አልወሰደውም። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ሰው ከፍታ ላይ ካለች ልጅ ስር መሰላል አይነቅልም፣ ያ ነው ያዳነኝ። ቆመው ጠበቁ። ዘጠነኛ፣ መቶ ሃያ ዘጠኝ። ወረድኩ፣ መሰላሉን ገፋን፣ ማንም እጄን ሳይዝ ወጣሁ። ስወርድ ስወጣ እያዩኝ ማለት ነው። ወርጃለሁ እኮ፣ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ፣ እንደገና ወጣሁ እንጂ። አስረኛ። አስራ አንደኛ። አስራ ሁለተኛ፣ መቶ ሰባ ሰባት።

ከዛ ምንም ሳልላቸው በፊታቸው አልፌ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ማንም ተመለሺ አላለኝም፣ ሳይደነግጡ አልቀሩም። ሁሉንም መረጥኩና ዙሩ አልኳቸው።

አስራ አንዱ ዞሩ። ሰባተኛው ጣሪያውን እያየ አረንጓዴ ሆኖ ይርገበገባል።

“አላልኳችሁም” አለ ሽብሩ። “ይኸው። ብልሽት ነው።”

በዛች ደቂቃ የተሰማኝን አልነግራችሁም። አሚን ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፣ ካርድ የለኝም። ክንዴን አየሁ፣ ዘጠና ሰባት። ልክ ነው። ኮንሶሏን አየሁ፣ ዘጠና ሰባት። ልክ ነው። እና ወንበሮቹን አየሁ፣ ከሰገነቱ ሁሉም ይታያሉ፣ በተርታ። አንዱ የመዘምራን ቡድን አስራ ስድስት ነን ብለው አስራ አራት ሆነው ቢመጡስ? ወንበሩ ተይዞላቸዋል፣ መጀመሪያው ቦታም ልክ ነው፣ ግን አቀማመጣቸው ሌላ ነው፣ ድምቀት ይቀመጣል ባልኩበት ወንበር ላይ አረንጓዴ ተቀምጧል። መብራቶቹ ስንት ቻናል እንደሚበሉ ከጀርባቸው ይመረጣል እኮ፣ አሚን ነግሮኛል። አንዱን ከፋብሪካም ይሁን ከሱቅ በአስራ አራት አድርገው ልከውታል።

ወረድኩ። መሰላሉን ወደ ሰባተኛው ገፋን። ወጣሁ፣ አየሁ፣ አስራ አራት ይላል። አስራ ስድስት አደረግኩት። ወረድኩ፣ ሰገነት ወጣሁ፣ ዙሩ አልኩ።

አስራ ሁለቱም ዞሩ። አንድ ላይ። ወደ ግራ፣ ቀስ ብለው፣ ከዛ ወደ ቀኝ። ከዛ አንገታቸውን ደፉ፣ ከዛ ሰማያዊ፣ ከዛ ወርቃማ። አዳራሹ ውስጥ ከሲሚንቶው የተነሳ አቧራ ነበር፣ ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ እንደ ምሰሶ ቆመ፣ አስራ ሁለት ምሰሶ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በፍቃዱ የሚባሉት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ከላይ እየሳቅኩ እያለቀስኩ ነበር፣ ሼም ነው፣ ግን እውነት ነው።

እዚህ ጋ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ የቤተክርስቲያኑ ቢሮ ተጠራሁ፣ ከእማዬ ጋር። ጋሽ ይርጋ ቁጣቸው በርዷል፣ አማርኛቸውም ተስተካክሏል፣ ያ ደግሞ የባሰ ያስፈራል።

“ሥራው መልካም ነው” አሉ። “መብራቱ አይመለስም። ኮንሶሉ ላይ አንቺ ብትቀመጪ ኮሚቴው ይስማማል።”

ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ልበር ምንም አልቀረኝም።

“ነገር ግን” አሉ። “ሽማግሌ ውረጂ ሲል አልወርድም ተብሏል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መዘምራን ከገቡ በኋላ፣ ማይክ ይሰጥሻል፣ ያለ ፈቃድ ስለወጣሽና ስላልወረድሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ከዛ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ካልሆነ ሽብሩ ይቀመጥ።”

“ወንድም ሽብሩስ?” አልኩ።

“ሽብሩ ምን?”

“ያልተበላሸ ነገር ተበላሽቷል ብሏል። እሱም በማይክ ይቅርታ ይጠይቃል?”

እማዬ ጠረጴዛው ስር ረገጠችኝ።

“እሱ ተሳሳተ” አሉ ጋሽ ይርጋ። “ስህተትና እምቢታ አንድ አይደለም።”

“ልክ ነው ጋሼ፣ አንድ አይደለም። በስህተቱ መብራቱ ሊሄድ ነበር። በእምቢታው ነው የቀረው።”

“እደሪበት” አሉ።

መንገድ ላይ እማዬ ባጃጅ ውስጥ ሙሉውን ስታወራ መጣች። “ቃል ናት እኮ። አፍሽን ከፍተሽ ትያታለሽ፣ ታልቃለች። ከዛ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። አባትሽ ቢኖር ይሄኔ ሺህ ጊዜ ይቅርታ ባለ ነበር።” ባጃጅ ነጂው ሳይቀር “እናትሽን ስሚ” አለኝ፣ ምን አገባው። አሚንም ያው ነው፤ “በይና ተቀመጪ ቦንቱ፣ ዋናው ኮንሶሉ ነው፣ እዛ ከተቀመጥሽ በኋላ ማን ያነሳሻል።” ሳሮን ብቻ ናት ዝም ያለችው። ቢጨንቃት ነው፣ እኔ ካልተቀመጥኩ የሷን መዝሙር ሽብሩ ነው የሚያበራላት፣ የሰራሁላትን ደግሞ እሱ አያውቀውም፣ ሁሉንም ባንዴ ገፍቶ አይኗን ያጠፋዋል።

እኔ ግን አስቤበታለሁ። በትክክል አስቤበታለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፣ ትልቅ ሰው ፊት፣ ያ ነውር ነው፣ ለሱ ይቅርታ እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝም እላለሁ። ለመውጣቴ ግን? ከታች ሆነው የሚያዩኝ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ አስተናጋጅ ሊሆኑ ተራ የሚጠብቁ ሴት ልጆች፣ በዛ ማይክ “መውጣቴ ጥፋት ነበር” ካልኩ እነሱ ሰገነቱን ቀና ብለው አያዩትም። ደግሞም ውሸት ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ በማይክ፣ ውሸት።

ስለዚህ የምለውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብቡት፤ “ጋሽ ይርጋ፣ ድምፄን ስላነሳሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መሰላሉ ላይ ስለወጣሁ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፣ ነገም አንዱ ቢበጠብጥ እወጣለሁ።”

ለሳሮን አሁን በስልክ አነበብኩላት። “የመጨረሻዋን አውጪያት” አለች። “እሷን ካልሽ አያስቀምጡሽም።”

አውቃለሁ። አራት ወር ሙሉ የፈለግኩት ነገር ያ ወንበር ነው፣ ከሱ በላይ የምፈልገው ነገር የለም፣ እና በዛች ዓረፍተ ነገር ሊሄድ ይችላል። ሁለት ጊዜ ሰረዝኳት። ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኳት። አሁን እዛው ናት፣ ደመቅ አድርጌ።

እናንተ ብትሆኑ፣ ማይኩ እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ ወንበሩ እላይ ባዶውን እየጠበቃችሁ፣ ትሏት ነበር ወይስ ትውጧት ነበር?